የእትዬ ጌጤ ማውዝ

እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚያወራው ራሴ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሸዋ ሮቢት ወሬ ከባጃጅ የሚፈጥንባት ከተማ ናት፤ «ሮቤል የሟች አደራ በላ» የሚለው ወሬ ጀውሃ ድረስ መድረሱን ሰምቻለሁ። አደራ አልበላሁም። ያደረግሁት ግን ከዚያ አያንስም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። በዚህ በቆላው ሙቀትና አቧራ ኮምፒውተር ቶሎ ቶሎ ይታመማል፤ የእኔ መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፣ ፎርማት። ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ቫይረስ ሲገባው ፎርማት፣ ሕመሙ ምን እንደሆነ ካልገባኝ ደግሞ ያለ ጥያቄ ፎርማት። ውስጡን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ደንበኛው ፋይሉን «ዲ» ወደምንለው ክፍል ካዛወረ ምንም አይጠፋበትም፤ የሚጠረገው «ሲ» የምንለው ብቻ ነው። ለሰው ሁሉ እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ እትዬ ጌጤንም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

እትዬ ጌጤን የማያውቅ የቀወት ወረዳ ሰው የለም። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ በቆርቆሮ በሯ ላይ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ተብሎ የተጻፈባት ቤት የእሳቸው ናት። ገበሬ የመሬት ክርክር ቢኖርበት፣ ነጋዴ ማሾ ቢሸጥ፣ እድር ሰው ቢጠራ፣ ተማሪ ጉርድ ፎቶ ቢፈልግ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ደንበኛው ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ጎረቤቱን ይረግማል፤ እሳቸው ሁሉን ሰምተው እርግማኑን ይተዉና ፍሬ ነገሩን በሦስት መስመር ይጽፉለታል። «እርግማኑ ለዳኛው አይጠቅመውም፤ እሱን ለእግዜር ንገረው» ይሉታል። ሰውየው እየሳቀ ይወጣል።

ተወልደው ያደጉት እዚሁ ቀወት ገጠር ነው። ማንበብና መጻፍ የለመዱት በትልቅነታቸው፣ ልጆች ወልደው ካሳደጉ በኋላ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደሎችን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ ተገጣጥመው ቃል ሲሆኑ ግን አያውቋቸውም። ኮምፒውተር ያስተማሯቸው ባለቤታቸው ጋሼ ሽፈራው ናቸው። ጋሼ ሽፈራው ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ነው ይህችን ቤት የከፈቱት፤ ዓይናቸው እየፈዘዘ ሲሄድ ወንበሩን ለሚስታቸው ለቀቁ።

እትዬ ጌጤ ሁሉን ቶሎ ያዙ፤ አንድ ነገር ብቻ አስቸገራቸው። የማውዙን ቀኝ ሲጫኑ የሚዘረገፈው የእንግሊዝኛ ዝርዝር ነው። «ቀኙን በነካሁ ቁጥር የፈረንጅ ጉባኤ ይሰበሰብብኛል» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ሽፈራው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እኔ ዘንድ መጡ።

«ሮቤል፣ ያንን የቀኙን ዝርዝር በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? የራሴን ትእዛዝ ልጨምርበት ብልስ?»

«ጋሼ፣ እሱ የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ ነው፤ አይነካም» አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። «አላውቅም» ማለት ግን ለእኔ ጥርስ ከማስነቀል ይከብደኛል። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልካቸውን ዓይናቸው ላይ ለጥፈው ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩ ሕንዶችን ማዳመጥ ያዙ። የሰሙትን በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ይጽፋሉ፤ ይሞክራሉ፤ አይሆንም፤ እንደገና ይሞክራሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአማርኛው ፊደል ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣባቸው። እትዬ ጌጤ «ባሌ በስተርጅና አናጢ ሆነልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲሠራ ይውላል» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ያወሩባቸው ነበር።

በአራተኛው ሳምንት አስጠሩኝ። «ቀኙን ተጫን» አሉኝ፤ ተጫንኩ። የፋብሪካው እንግሊዝኛ ወደ ታች ተገፍቶ ከላዩ አሥራ አራት የአማርኛ መስመር ተደርድሯል። «ማመልከቻ ጀምሪ»፣ «የኪራይ ውል ጀምሪ»፣ «የማሾ ሽያጭ ውል ጀምሪ»፣ «የእድር ጥሪ ጀምሪ»፣ «ጉርድ ፎቶ ስምንት አድርገሽ አትሚ»። አንዷን ሲጫኗት ወረቀቱ ተዘጋጅቶ፣ ስም የሚገባበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። «እግርሽን አፍታቺ» የምትልም ነበረች፤ እሷን ሲነኳት ስክሪኑ ለአምስት ደቂቃ ጥቁር ይላል። እትዬ ጌጤ ብዙ ሲቀመጡ እግራቸው ያብጥ ነበር፤ ተነሺ ቢሏቸው ስለማይነሱ ነው።

«ጋሼ፣ እኔንም ጀምሪ፣ አትሚ እያለኝ ነው እኮ» አልኳቸው፤ ቅናቴን በቀልድ ለመሸፈን።

«አንተን ማን ንካ አለህ? ለእሷ ነው የጻፍኩት።»

የመጨረሻዋ መስመር «ሲከፋሽ» ትላለች። ወደ እሷ ስወርድ እጄን መታ አደረጉኝ።

«እሷን ተዋት። እሷ ለሥራ አይደለችም።»

ኋላ እትዬ ጌጤ እንደነገሩኝ፣ እሳቸውም ሊጫኗት ሲሉ ተከልክለዋል። «እኔ እያለሁ ሲከፋሽ ለእኔ ንገሪኝ። እኔ ሳልኖር ያኔ ትጫኛታለሽ። ቀኙን ስትጫኚ እኔ አለሁ» ነው ያሏቸው። ምን እንደምትከፍት ግን አልነገሯቸውም። ድምፃቸው ይሁን፣ ደብዳቤ ይሁን፣ ወይ አንድ ያረጀ ፎቶ፣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ኩላሊታቸው ታመመና ወደ ደብረ ብርሃን ወሰድናቸው። እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፤ ከሮቢት ሙቀት በስስ ሸሚዝ የወጣን ሰዎች ጥርሳችን ተንገጫገጨ። ጋሼ ሽፈራው ከተጋደሙበት ቀና ብለው «ጌጤ፣ ነጠላሽን ደርቢ» አሉ። እስኪደርሱ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም። በሳምንቱ አስከሬናቸውን በዚያው መንገድ ይዘን ወረድን።

እትዬ ጌጤ ከአርባው በኋላ ቤቷን ከፈቱ። ሌሎቹን መስመሮች በየቀኑ ይጫናሉ፤ «ሲከፋሽ»ን ግን አይነኩም። ሳይከፋቸው ቀርቶ አይደለም።

«አንዴ ከከፈትኳት አለቀች» ብለውኛል ኋላ። «ከእሱ ያልሰማሁት ነገር የቀረኝ እሷ ብቻ ናት። የዘር እህል ራበኝ ተብሎ አይበላም። ከዚህ የባሰ ቀን ቢመጣብኝስ?»

ስለዚህ ጠዋት ሲገቡ ቀኙን ይጫናሉ፣ ከታች መኖሯን ያያሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አራት ወር ገደማ በዚህ ኖሩ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር ስል ግን ነፃ የሚያወጣኝ እንዳይመስላችሁ።

ጥቅምት ላይ ኮምፒውተሩ ታመመ። ከደንበኞች ፍላሽ የገባ ቫይረስ ፋይሉን ሁሉ እየደበቀ በቦታው የማይከፈት ምልክት ይተካል። ደወሉልኝ፤ እኔም ገና ሳላየው «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው፤ ሲ ላይ ያለዎትን ሁሉ ወደ ዲ ያዛውሩ» አልኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቷን ዘግተው አዛወሩ። በሦስተኛው ቀን በባጃጅ መጡ። ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ስክሪኑን፣ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ ሽቦውን ሁሉ በማዳበሪያ ይዘው ነው የመጡት፤ ምኑ እንደሚያስፈልገኝ ስላላወቁ ምንም አላስቀሩም። ከማውዙ በቀር።

«ማውዙን ረሱት እንዴ?» አልኳቸው፤ ሊጠቅመኝ ሳይሆን እንዲያው ጨዋታ ብዬ።

«አልረሳሁትም። ቤት ነው ያለው። እሱን ማንም አይነካውም።»

ደሜ ፈላ። የእኛ ሙያ የሚታማበት ነገር አለ፤ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ የተበላሸ ይተካል ይሉናል። አንዳንዱም ያደርገዋል። እኔ ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ብሎን እንኳ አልነካሁም፤ ለዚያውም በአንድ አሮጌ ማውዝ፣ ለዚያውም በጋሼ ሽፈራው ሚስት ልጠረጠር? «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እንደዚያ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። «ነገ በዚህ ሰዓት ያልቃል» አልኩና ፊቴን አዞርኩ።

እኔ ማንኛውንም ኮምፒውተር ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ቀኙን ተጭኜ «ሪፍሬሽ» ማለት፣ ስክሪኑን ማደስ ነው። የሚጠቅም ነገር አይደለም፤ ልማድ ነው፤ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። በሕይወቴ ቀኙን ሳልነካ ያለፍኩት ኮምፒውተር የእትዬ ጌጤ ብቻ ነው። ተናድጄ ስለነበር ከፍቼ እንኳ አላየሁትም፤ የመጫኛውን ፍላሽ ሰክቼ በቀጥታ ጠረግሁት። ያ ዝርዝር ሲ ውስጥ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ጋሼ ሽፈራው ያሳዩኝ ቀን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ከአእምሮዬ ውስጥ የነበረው ማውዙ ብቻ ነው።

በማግስቱ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ኩራቴ አልበረደም፤ «አሁን እንደ ጥይት ነው» እያልኩ ሽቦውን ገጣጠምኩ። ኑርሃን የምትባል የጀውሃ ማሾ ነጋዴ ውል ለማጻፍ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እትዬ ጌጤ ከቤት ያመጡትን አንድ ጥቅል ነገር ከዘንቢላቸው አወጡ። ነጭ ነጠላ ነው። ፈቱት፤ ውስጡ ሌላ ጨርቅ፣ ከእሱም ውስጥ ማውዙ። ቀስ ብለው ሰኩትና ቀኙን ተጫኑ።

የፈረንጁ ጉባኤ ወጣ።

እንደገና ተጫኑ። ማውዙን ገለበጡት፣ ሆዱን እፍ አሉበት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ነቅለው ሰኩት። አሁንም ተጫኑ።

«ሮቤል፣ ማውዙ ምን ሆነ?»

ያኔ ነው የገባኝ።

«እትዬ፣ ዝርዝሩ... ማውዙ ውስጥ እኮ አልነበረም።»

«ቀኙን ስትጫኚ እኔ አለሁ ብሎኛል እኮ» አሉ። «ቀኙ ያለው እዚህ ነው።» ማውዙን በሁለት እጃቸው ይዘው አሳዩኝ። «ሰው ስቶ እንዳይነካብኝ፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው ቤት ያስቀመጥኩት። ከእሱ ሳጥን ውስጥ ነው ያኖርኩት፤ ከሸሚዙ ጋር።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። እኔ... ጠርጌዋለሁ።»

«መልሰዋ።»

«አይመለስም፣ እትዬ።»

«ሌላው ይቅር። የመጨረሻዋን ብቻ።»

እትዬ ጌጤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው፣ ሳይጮሁ፣ ሳይንሰቀሰቁ፣ እንባቸው ብቻ ይወርድ ጀመር። እንዲህ ሲያለቅሱ በቀብሩም ቀን አላየኋቸውም።

ኑርሃን ደንግጣ ተነሳች። «እትዬ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

እኔ «ጋሼ ሽፈራው» አልኳት።

«እሳቸውማ ግንቦት ላይ...» አለችና ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ ወረቀቷን ወንበር ላይ አኑራ እትዬ ጌጤን አቀፈቻቸውና አብራቸው አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ እንደ ሌባ ቆሜ ነበር።

ኮምፒውተሩን መልሼ ወሰድኩት። እሳቸው ወደ ዲ ካዛወሩት ውስጥ የለም፤ «ሲከፋሽ» የምትከፍተውን ጋሼ ሽፈራው ከዝርዝሩ ጋር ሲ ውስጥ ደብቀውት ኖሯል። የጠፋ የሚፈልጉ ፕሮግራሞችን ሁሉ ስምንት ቀን ለቀቅሁበት። አዲሱን ስጭን በአሮጌው ላይ ደርቤበታለሁና የተመለሰልኝ ቁርጥራጭ ነው፤ የማላውቃቸው ሰዎች ግማሽ ፊት፣ የአንድ ማመልከቻ ሁለት መስመር፣ የአንድ ሰርግ ጥሪ ጠርዝ። ጋሼ ሽፈራው የጻፉባቸውን ወረቀቶች ፈለግን፤ ከሰል ሲያያዝባቸው አልቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ «አላውቅም፣ አልቻልኩም» ብዬ ለሰው ተናገርኩ፤ ለእትዬ ጌጤ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ምሳ በልተሃል?» ነው ያሉኝ።

ቢያንስ ዝርዝሩን ልመልስላቸው ብዬ እነዚያኑ ሕንዶች ማዳመጥ ጀመርኩ። ጋሼ ሽፈራው ሦስት ሳምንት የፈጀባቸው ለእኔ ለባለሙያው አንድ ወር ፈጀብኝ፤ ያ ባዶ ሳጥንም በእኔ ተራ መጣ። ሲሳካልኝ ኮምፒውተሩን ይዤ ሄድኩና «ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ እስከ ታች አንድም ሳይዘሉ በቃላቸው ወጡት። እኔ እጽፋለሁ፤ «ማመልከቻ ጀምሪ» ብዬ፣ «አትሚ» ብዬ፣ በሟቹ ቦታ ሆኜ። «እግርሽን አፍታቺ» ላይ ሲደርሱ ውኃ ጠጡና ቀጠሉ። አሥራ ሦስቱ አለቁ።

«ሲከፋሽን ጻፋት» አሉኝ።

«ምን ትክፈት?»

«ምንም። ስሟ ቦታዋ ላይ ይኑር። አልጫናትም።»

ኮምፒውተሩ ግን የምትከፍተው ነገር ካልተሰጣት መስመሯን አልቀበልም አለኝ። ስለዚህ ለይስሙላ ዲ ላይ «ሽፈራው» የሚባል ፋይል እንድትከፍት አድርጌ አሰርኳት። እንደዚህ የሚባል ፋይል የለም። እሳቸውም የለም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ «አውቃለሁ» ብለውኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እንደ ድሮው ሆነ። ደንበኛው ይመጣል፣ ይራገማል፣ እሳቸው በሦስት መስመር ይጽፉለታል። ማውዙንም ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ወስደው አያውቁም። በየሳምንቱ በአንድ ሰበብ አያቸዋለሁ፤ ፕሪንተሩን አጸዳለሁ፣ ሽቦውን አስተካክላለሁ። ስለዚያ ነገር አንነጋገርም ነበር።

የጋሼ ሽፈራው ሙት ዓመት ባለፈ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ደወሉልኝ።

«ሮቤል፣ እስቲ ብቅ በል። አንድ ፈረንጅኛ መጥቶብኛል።»

ሄድኩ። ቤቷ ባዶ ናት፤ ቬንቲሌተሩ ይዞራል፤ እሳቸው ጥቁር ልብሳቸውን ዛሬ አውልቀዋል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። «ሲከፋሽ»ን ተጭነዋታል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

ልዋሻቸው እችል ነበር። ኮምፒውተሩ ደክሞት ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ግን እኚህን ሴት ከእንግዲህ ላታልላቸው አልፈለግሁም፤ አጠገባቸው ቆሜ እንዳለ አነበብኩላቸው።

«ሽፈራው አልተገኘም ይላል። ስሙን በትክክል መጻፍዎን ያረጋግጡና እንደገና ይሞክሩ፣ ነው የሚለው።»

እትዬ ጌጤ ማውዙን ያዙ።

«ስሙንማ በትክክል ነው የጠራሁት» አሉና ቀኙን እንደገና ተጫኑ።